ጋሽ ምንይችልና ኤንትሬያቸው፦ ከብቸና እስከ ሞጣ

ከተመለስኩ ጀምሮ የቄራ ጎረቤቶቼ ሥራ አላሠራ ብለውኛል። አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይመጣና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ለእሱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይገባና «ለእኔ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» ይለኛል። አብዛኞቹ ዓባይን ተሻግረው አያውቁም፤ የሚሻገሩም አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ያንብብ፤ እኔ ሥራ አለብኝ።

ሥራዬ ፖምፓ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ሁሉ ፖምፓ አለው፤ ናፍጣውን እየመጠነ፣ ተራ እየጠበቀ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚልከው እሱ ነው። ሙያውን የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የፖምፓ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ የሚያውቁኝ ሁሉ በዚህ ይስቃሉ።

በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ስልክ ተደወለ። አንድ ሽማግሌ አባቴን በስሙ ጠርተው «አለ ወይ?» አሉ። ማረፉን ነገርኳቸው። «ነፍሱን ይማር። እንግዲህ የኔም ኤንትሬ አለቀላት» አሉ።

ጋሽ ምንይችል የብቸና ሾፌር፣ የአባቴ የድሮ ደንበኛ ናቸው። ኤንትሬ ደግሞ፣ ለማታውቁት፣ ያ ፊቱ ላይ ጢም የመሰለ ጌጥ ያለው የድሮ የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። የእሳቸው ኤንትሬ ፖምፓዋ ናፍጣ ታንጠባጥብ ስለነበር አንድ መንገደኛ መካኒክ አውርዶ፣ ጎሚኒ ቀይሮ፣ መልሶ ገጥሞ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይም አቅም የላትም። ሞጣ አስተማሪ የሆነው ልጃቸው ደሳለኝ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እስከ ቅዳሜ ጭነት ጭና በራሷ ጉልበት ሞጣ ከደረሰች ዝም ይላል። ካልደረሰች ሰኞ ብረት ገዢዎች መጥተው ቆራርጠው ይወስዷታል፤ ጋሽ ምንይችልም መሪ መያዝ ያቆማሉ።

«ልምጣ?» አልኳቸው።

«አንች?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። በዚህ ወደድኳቸው።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የመሣሪያ ሳጥኔን እግሬ ሥር ላስቀምጠው ብል ረዳቱ «እናት፣ ቤትሽን ነው እንዴ ነቅለሽ የመጣሽው?» ብሎ ነጠቀኝና ጣሪያ ላይ ሰቀለው። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ስለነበር አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነው የተነሣው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ ቆሎው ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይ ቁልቁለት ሲጀምር ተሳፋሪው ወደ ገደሉ አንገቱን አሰገገ። እኔ ግን የማየው ከታች የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ጭስ ነው። ጥቁር የሚያጨሰው ከሚችለው በላይ ናፍጣ እየጎረሰ ነው። ሰማያዊ የሚያጨሰው ዘይቱን እየጠጣ ነው። ነጭ የሚያጨስ አንድም አላየሁም፤ ነጭ የሚያጨስ ይህን ዳገት አይወጣም ማለት ነው ብዬ እንደ መጥፎ ምልክት ቆጠርኩት። ከጎኔ የተቀመጡት እናት «ምን ይታይሻል ልጄ?» ቢሉኝ «ጭስ» አልኳቸው። ማማተብ ጀመሩ።

ደጀን ላይ ጥብስ በላሁ። እዚህ ላይ የቄራ ሰዎች እንዳትቀየሙኝ፤ ከብቱ ሁሉ በደጃችን እያለፈ ስንኖር እንደዚያ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ብቸና የሚሄድ ሚኒባስ ስይዝ ሳጥኔ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ወረደ። የሚንጠባጠብ ነገር አለው። ከላዩ ተጭኖ የነበረ የማር ባልዲ ክዳኑ ለቅቆ፣ ማሩ በሳጥኔ ስንጥቅ ገብቶ፣ ቁልፍና ካቻቢቴው ሁሉ ማር ውስጥ ተዘፍቋል። ልጮህ አፌን ስከፍት የማሩ ባለቤት፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ቀደሙኝ። «አይ ልጄ፣ ሳትከፍይ ጣፈጠልሽ» አሉ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ምን ልበል? እኔም ጣቴን ላስኩ።

ከደጀን ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። ጤፉ ታጭዷል፤ በየማሳው የጭድ ክምር ቆሟል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በሚኒባሱ መስኮት ይገባል። የእኛን ጥር ብርድ ነው እላለሁ እንጂ ለካ ምንም አላውቅም።

ጋሽ ምንይችል ጋቢያቸውን ተከናንበው መናኸሪያው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አዩኝና ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለጉ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ከብረቶቼ ጋር ነኝ ጋሼ። ማር ቀብቻቸው መጣሁ።»

ሳጥኑን አይተው ሳቁ። «አፍሽ ያባትሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው ውሃ ሞላና ሳጥኑን ለመሸከም ጎንበስ አሉ።

አልጋ ቤት ልይዝ አስቤ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ በር ላይ ቆመው ያዙኝ። «ቤት እያለ አልጋ ቤት! ሰው ምን ይለናል? ኧረ ግቢ!» እግሬን ሳልዘረጋ ሙቅ ውሃ አመጡ፤ ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለቁልፎቼ ነው። አንድ በአንድ አጥበው፣ አድርቀው፣ በመጠናቸው ደርድረው ሰጡኝ። ቄራ የፖምፓ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ስሠራ ማንም ቁልፌን አጥቦልኝ አያውቅም።

ረቡዕ

በማለዳ ግቢው ሰው ሞልቶ አገኘሁት። ልቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ ኤንትሬዋን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ «እንዴት አደረች?» እያሉ ጋሽ ምንይችልን ይጠይቃሉ። እሳቸውም «ያው ናት፤ እግዜር ያውቃል» ብለው ይመልሳሉ። አንዲት ሴት የጾም ዳቦ ይዛ መጥታለች። አዲስ አበባ መኪናህ ሲያጨስ ሰው ጥሩንባ ይነፋብሃል፤ ብቸና ግን ዳቦ ይዞ ይመጣል።

«አስነሱልኝ» አልኩ። ማስነሻው ሞተሪኖ ብዙ አጉረመረመና ሞተሩ እያነከሰ ተነሣ። ጭሱ! እንደ ጉም ሆኖ አጥሩን ዘልሎ ጎዳናው ላይ ፈሰሰ፤ ጠያቂዎቹ በሙሉ እየሳሉ ነጠላና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ደስታ በደስታ ሆንኩ። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል!

የሰፈሩ መካኒክ አበጀ ከጎኔ ቆሟል። እርጋታው የሚያስቀና ጎልማሳ ነው። «እኔ የፈራሁት ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ እንዳይሆን ነው፤ ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ላወርደው ነበር» አለኝ። ልክ ነው፣ ውሃም ሲገባ ጭሱ ነጭ ይሆናል። ነገር ግን የውሃ እንፋሎት ዓይን አያቃጥልም። ካርቶን ቆርጬ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዝኩና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ውሃ ቢሆን ደርቆ ይጠፋ ነበር። የቅባት ጠባሳ ቀረበት። ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።

«በቃ፣ ናፍጣውን የሚረጩት አፍንጫዎች ናቸው» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ፈረድኩ። ስድስቱንም ፈትተን ቀኑን ሙሉ ሞከርናቸው። ስድስቱም እንደ ጠል አድርገው ይረጫሉ፤ ጤነኞች ናቸው። አፍሬ አንድ በአንድ መልሼ መግጠም ጀመርኩ። አበጀም አይቶ እንዳላየ ሆኖ፣ ያመጡልንን ሽሮና ተልባ በእንጀራ ወደ እኔ በኩል ገፋልኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከእትዬ የሺ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ትድናለች?» አሉኝ።

«አላውቅም እትዬ። ነገ ሌላ ነገር አያለሁ።»

«ልጄ ክፉ አይደለም። ለአባቱ ፈርቶ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል ይላል» አሉ። «እኔ ግን ባሌን አውቃለሁ። ጠዋት ተነሥቶ እሷን ሳያይ ቁርስ አይቀምስም። እሷ ከቆመች እሱም ቁጭ ይላል። ቁጭ ካለ ደግሞ አይነሣም። አባቱም እንዲያ ነው የሄዱት፤ ከብታቸውን የሸጡ ዕለት ቁጭ አሉ፤ አለቀ።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የመጣሁት ለመኪና ነበር።

ሐሙስ

ቀረኝ የምለው አንድ ነገር ታይሚንጉ ነው፤ ማለትም ፖምፓው ናፍጣውን የሚልክባት ቅጽበት። የኤንትሬ ሞተር ያለው በሾፌሩና በተሳፋሪው መሀል ነው። መሸፈኛውን አንሥተን፣ እኔ አንደኛው ወንበር ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ አበጀ ከታች ሆኖ ሞተሩን በእጁ ያዞራል። ጠያቂዎቹ በሁለቱም በር አንገታቸውን አስገብተዋል።

የመጀመሪያውን ሲሊንደር ቱቦ ፈትቼ በቦታው ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ አሰርኩ። ናፍጣ በእሷ መውረድ ጀመረ። ፖምፓው ሊረጭ ሲል ይህ ፈሳሽ ይቀጥናል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ከዚያ ይቆማል። በቆመባት ቅጽበት፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባድ መዘውር ላይ የተቀረጸው ምልክት ከመስመሩ ጋር መግጠም አለበት።

«ትንሽ... ትንሽ... ቁም!»

ጠብታው ቆመ። አበጀ ባትሪ አብርቶ ምልክቱን አየ። «እታለም፣ አልፏል» አለኝ። «በጣም ነው ያለፈው።»

ከደስታዬ ብዛት ጭንቅላቴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁት። ናፍጣው የሚደርሰው ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ማዕድ ከተነሣ በኋላ የሚደርስ እንግዳ ማለት ነው፤ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። ያ መንገደኛ መካኒክ ፖምፓውን ከሞተሩ የሚያያይዘውን መጋጠሚያ አንዱን ብሎን አላጠበቀውም። የብሎኖቹ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ ፖምፓው ቀስ በቀስ ተንሸራትቶ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ብሎኖቹን አላልተን፣ ምልክቱን መስመሩ ላይ አምጥተን፣ ፖምፓውን ጠብታው እስኪቆም ድረስ አዞርነው። አጠበቅን። ደግመን ለካን፤ ለቀቅ ብሎ ስላገኘሁት እንደገና ፈታሁት። አንድ አዛውንት ጠያቂ «ደሟን ነው የምትለካት?» ብለው ጋሽ ምንይችልን ሲጠይቁ ሰማሁ። «ዝም በል፣ እጇ ይስታል» አሏቸው። በመጨረሻ፣ ቢንሸራተት እንዳውቅ፣ በመጋጠሚያውና በፖምፓው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት በመሮ አወጣሁ።

«አስነሱ!»

አንድ ጊዜ ነጭ ጉም ተፋች። ከዚያ ሳሳ። ከዚያ ጠፋ። ድምፁም ተስተካክሎ ያ የኤንትሬ ጎርናና ድምፅ ሆነ፤ አባቴ በሩቅ ሰምቶ «መጣች» የሚለው ድምፅ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ምንይችል ጥሩንባዋን ይዘው ብቸናን በሙሉ አሰሟት። እኔ አለቀስኩ፤ በናፍጣ ነው ብዬ አሳበብኩ።

አርብ

ጠዋት ወፍጮውን ልንጭን ነው። ሞጣ አካባቢ ላለ መንደር የተገዛ የእህል ወፍጮ ነው፤ ድንጋዩም ሞተሩም ከባድ ነው፤ ለፈተና የሚሆን ጭነት። ጋሽ ምንይችል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ቁልፉን አዞሩ።

ነጭ ጭስ።

ቆሜ ቀረሁ። ሞተሩ ይነሣል፣ ይንገጫገጫል፣ ሊጠፋ ይልና መልሶ ይይዛል። ጋሽ ምንይችል አጠፉትና እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

ያን ጊዜ ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ቢያየኝ ያፍርብኝ ነበር። አበጀ ላይ ዞሬ «ማታ ነክተኸዋል?» ብዬ ጮህኩበት። «አልነካሁም» አለ። «ታዲያ ማን ነካው?» ጭረቱን ሄጄ አየሁ፤ ፀጉር ታህል አልተንቀሳቀሰም። አበጀም ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ አየው። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ በሰው ፊት የጮህኩትን በሰው ፊት።

«ናፍጣውን እንየው» አለ እሱ፤ ቅያሜ በሌለው ድምፅ።

የናፍጣውን ማጣሪያ ፈትተን በብርጭቆ ቀዳን። ጥቂት ቆየና ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ኩልል ያለ ውሃ።

«ውሃ ሸጠውልኛል!» አሉ ጋሽ ምንይችል። በትራቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ በር ሄዱ። ማደያ ሄደው ሊጣሉ ነው። ጎረቤቶቹም ተነሡ።

«ተው አንተ ሰውየ!» የሚል ድምፅ ከቤት በር መጣ። እትዬ የሺ ናቸው። «የሰው ስም አታጥፋ። እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ዞርን።

«ትናንት ስትድን ጊዜ ደስ አለኝ። ታማ የዳነችን እንዳያገረሽባት ጠበል ማጠጣት ነው። ከጊዮርጊስ ቀድቼ መጣሁና ማታ ጨመርሁላት።»

«በየት በኩል?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩ።

«በአፏ ነዋ! ናፍጣ በምትጠጣበት።»

ማንም አልሳቀም፤ ሊስቅ የፈለገው ሁሉ ጋሽ ምንይችልን አየ። እሳቸው በትራቸውን ቀስ ብለው አጥሩ ላይ አስደገፉ። «ለሷ ስትይ ጊዮርጊስ ድረስ ሄድሽ?» አሏቸው።

«ለሷ መስሎሃል?» አሉ እትዬ የሺ። «እሷን ምን ላድርጋት? ካገባኸኝ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በሷ ላይ አላሳፈርኸኝም።»

ጋሽ ምንይችል መሬቱን አዩ። እኔ ግን መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ፍርሃት ያዘኝ። ውሃ ፖምፓ ውስጥ ከከረመ ብረቱን ያዝገዋል፤ አንድ ሰዓትም የምናባክነው የለንም። ደግነቱ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታንኩ ግርጌ ይተኛል። አበጀ ሥሯ ገብቶ የታችኛውን ብሎን ሊፈታ ሲል እትዬ የሺ ጮኹ።

«ጠበል መሬት ላይ! ሰው ሊረግጠው? ከቶ አይሆንም!»

ልክ ናቸው፤ ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ግን ናፍጣ ያለበት ጠበል የት ይደፋል? ክርክሩ ተነሣ። አንዱ ጌሾው ሥር አለ፤ «ጌሾየን ልትገሉት ነው?» አሉ እትዬ የሺ። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ፤ ናፍጣ ይዞ ቅጽር መግባት አይሆንም ተባለ። በመጨረሻ ከጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ እሾህ የበቀለበት ማንም የማይረግጠው ቦታ ተገኘ። በጀሪካን ቀድተን፣ በጥንቃቄ ተሸክመን አፈሰስነው። ከቄራ መጥቼ የተበላሸ ናፍጣ በአክብሮት እደፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እትዬ የሺ ግን አሁንም ፊታቸው አልፈካም። ግማሽ ጀሪካን ንጹሕ ጠበል ተርፏቸዋል። ጋሽ ምንይችል ጀሪካኑን ተቀበሏቸው። «እሷ እኮ ሁለት አፍ ነው ያላት የሺ» አሏቸው በለሆሳስ። «ውሃ የምትጠጣበት ሌላ ነው።» የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። እትዬ የሺ አማትበው በእጃቸው ጨመሩላት፤ እስከ መጨረሻው።

ማጣሪያ ቀየርን፤ አዲስ ናፍጣ ሞላን፤ ከየቱቦው አየሩን ደጋግመን አስወጣን። ፖምፓዋን ከፍቼ አየሁ፤ ዝገት አልጀመራትም። ከሰዓት በኋላ ስናስነሳት ጭሷ ጠራ። ወፍጮው ተጫነ።

ቅዳሜ

እትዬ የሺ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ታቅፈው መኪናዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ጠበሌ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ጋሽ ምንይችል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔ ቀድሜ የእትዬ የሺን ክንድ ይዤ አወጣኋቸው። መሀል፣ ሞተሩ መሸፈኛ ላይ፣ ጋቢ አነጠፍንላቸው። «ምድጃ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጣችሁኝ?» አሉ፤ ግን ሊወርዱ አልፈለጉም። አበጀ ጭነቱ ላይ ወጣ።

የዚያን ቀን መንገድ ልንገራችሁ ብል አልችልም፤ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ ሰርገኞች መንገዱን ዘግተው ይጨፍሩ ነበር። ኤንትሬዋን ሲያዩ ከበቧት፤ ሚዜዎቹ ጎኗን እየመቱ ዘፈኑላት፤ ጋሽ ምንይችል በጥሩንባ ተቀበሉ። ጉርሻ በመስኮት ገባ። እኛ ጋ የሰርግ መኪና አበባ ይለጠፍበታል፤ እዚያ የትኛውም መኪና ካለፈ የሰርጉ ነው።

ከዚያ ወደ ግንደ ወይን ስንሄድ የፈራሁት ዳገት መጣ። ጋሽ ምንይችል ማርሽ ቀነሱ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ አየሁ። ሞተሩ ይጎትታል፤ ድንጋዩ ከኋላ ይከብዳል፤ ፍጥነታችን ከአህያ እምብዛም አይሻልም። ከጭስ ማውጫው የሚታየው ቀጭን፣ ግራጫ፣ የጤነኛ ሞተር ትንፋሽ ነው። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጫፉ ላይ ስንወጣ «አበቃ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «አበቃ እትዬ» አልኳቸው። ዳቦውን ቆረሱ።

ደሳለኝ ሞጣ መግቢያ ላይ ቆሞ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሌሊቱን ያልተኛ የሚመስል ሰው። እናቱን ኤንትሬ ውስጥ ሲያይ መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ጭስ ማውጫው ጋ ቆመ። አባትየው ነዳጅ ረገጡላት፤ አጓራች። ደሳለኝ ብዙ አየ። ተመልሶ መጣ።

«እሺ አባ» አለ። «ቃሌ ቃል ነው። ይንዱ። እኔን ያስጨነቀኝ እሷ አልነበረችም፤ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ምንይችል ሞተሩን ሳያጠፉ ከመሪው ወረዱ። ለልጃቸው በር ከፍተው «ውጣ» አሉት።

«ወዴት?»

«መሪው ላይ። ወፍጮው መንደሩ ድረስ ይሄዳል።»

«አባ፣ ይችን እኮ ነድቼ አላውቅም። አስነክተውኝ አያውቁም።»

«ዓይኔ መድከሙን አጥቼው ነው?» አሉ። «አንተ የጠየቅኸኝ ሬሳዋን ነበር። እሱን ለማንም አልሰጥም። ይኸው ቆማ ትሄዳለች፤ ውሰዳት። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ደሳለኝ እናቱን አየ። እትዬ የሺ መሀል ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ መሳቃቸው ይሁን ማልቀሳቸው አልለየሁም። ደሳለኝ መሪው ላይ ወጣ። ኤንትሬዋ ሁለት ጊዜ ዘለለች፣ ቆመች፣ እንደገና ተነሣች። «ፍሪሲዮኑን! ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ! አንተ ልጅ፣ በሬ ነው እንዴ የምትነዳ?» የሚለው ድምፅ ከሞጣ ገበያ ጫጫታ በላይ ይሰማ ነበር። አበጀ ጭነቱ ላይ ሆኖ እየሳቀ እጁን አውለበለበልኝ። እኔ ቦታዬን ለጋሽ ምንይችል ለቅቄ፣ ሳጥኔን ታቅፌ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ እንደ ልጅ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ብቸና ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት እትዬ የሺ ናቸው። ደሳለኝ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሁሉ እየመጣ አብረው እህል ይጭናሉ። «ጋሼስ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ምን እሱ! ካጠገቡ ተቀምጦ ሲጮህበት ይውላል፤ ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል። ጠዋት ከዶሮ ቀድሞ ይነሣል» አሉኝ። «ተመስገን ነው ልጄ። ይጩህ።»